የልጅነት መጽሐፍ ተመልሶ ሲነበብ

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ15 ዓመቱ ያነበበ ሰው ለረጅም ዘመን በልቡ ይዞ የሚቆየው ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ነው። መውደዳቸውን፣ መለያየታቸውን፣ መጨረሻው ላይ ያፈሰሰውን እንባ አይረሳም። ያው ሰው መጽሐፉን በ45 ዓመቱ ሲያነሳው ግን ገና ታሪኩ በሚጀምርበት በማንኩሳ ይያዛል። በልጅነቱ ቶሎ ቶሎ ገልጦ ያለፋቸው ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ አሁን አላሳልፍ ይሉታል። ልጃቸው እንዲያድግላቸው ተስለው ለእግዚአብሔር አገልግሎት የሰጡት እነሱ ናቸው። ኋላ በዛብህን ፍቅርና ስለት ለሁለት የሚጎትቱት በዚያ በወላጆቹ ቃል ምክንያት ነው። ያን ጊዜ በዛብህን ሆኖ ያነበበው ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ስለሆነ፣ ንባቡን አቁሞ «እኔስ ለልጆቼ ሳልጠይቃቸው ስንት ነገር ቃል ገብቼላቸዋለሁ?» ብሎ ያስባል።

መጽሐፉ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ያው መጽሐፍ ነው። አንድም ምዕራፍ አልተጨመረበትም።

አንባቢዎች ስለዚህ ጉዳይ ሲጨዋወቱ ሁለት ወገን ይሆናሉ። አንደኛው ወገን ያልተነበበ ስንት መጽሐፍ እያለ የተነበበውን ማንሳት ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነው። ሌላው ደግሞ የልጅነት መጽሐፍን መንካት ይፈራል፤ ተመልሶ ሲያነበው ያ ጣዕም ቢጠፋበትስ? ሁለቱም ስጋቶች መሠረት አላቸው። ሆኖም ሁለቱም ንባብ ማለት አንድ ጊዜ ገብተው አንድ ጊዜ የሚወጡበት ነገር ነው ብለው የተነሱ ናቸው፤ ይህ ደግሞ በእኛ አገር የንባብ ታሪክ ውስጥ እንግዳ አስተሳሰብ ነው።

የቤተ ክህነቱን ትምህርት ብንመለከት ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፣ ከዚያ ወደ ዳዊት ይሻገራል። ዳዊት የደገመ ልጅ ቤተሰቡ ይደሰትበታል፤ አቅም ያለው ድግስ ይደግሳል። ልጁ ግን መጽሐፉን ጨርሶ አያስቀምጠውም፣ ገና መጀመሩ ነው። 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይደገማል። የሰኞው ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞው ከ31 እስከ 60 እያለ ይሄድና ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ባለው ይደመደማል፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይከተላሉ። ይህንን ሥርዓት ከልጅነቱ እስከ ሽምግልናው የጠበቀ ሰው አንዱን መጽሐፍ ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ አንብቦታል ማለት ነው። በየመንደሩ ዳዊቱን በማኅደሩ አንግቶ የሚሄድ አረጋዊ ያልነበረበት አካባቢ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ልጁ መጀመሪያ ዳዊትን ሲደግም የሚያነበው ግዕዝ ነው፤ ከሚያወጣው ድምፅ አብዛኛውን አይረዳውም። ምሥጢሩ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ፣ ትርጓሜ ቤት ሲገባ ነው፤ ያውም አንድ ሆኖ አይመጣም። የአንድምታ መምህር አንዱን ቃል አንስቶ አንድ ትርጉም ይሰጠዋል፣ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ያስከትላል፣ ሦስተኛውንም ይጨምራል። ሁለተኛው መጀመሪያውን አያፈርሰውም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የልጅነት መጽሐፉን ተመልሶ የሚያነብ አዋቂ የሚያጋጥመው ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። የ15 ዓመቱ ንባብ ስህተት ሆኖ አይጣልም፤ የ45ቱ ከጎኑ መጥቶ ይቀመጣል።

ሕፃናት ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። የአያ ጅቦንና የእመት ጦጢትን ተረት ሰምቶ የጨረሰ የሦስት ዓመት ልጅ ሌላ ተረት አምጡልኝ አይልም፤ «ድገሚልኝ» ነው የሚለው። እናት ደክሟት አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትዘል ወዲያው ይነቃባታል። ብዙ ወላጅ ይህን የልጅ ግትርነት አድርጎ ያየዋል። እንግሊዝ አገር ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጄሲካ ሆርስትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ጥናት ግን ለልጆቹ ይመሰክራል። ተመራማሪዎቹ የሦስት ዓመት ልጆችን በሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ቡድን አንድ ዓይነት ታሪክ ደጋግመው፣ ለሌላው የተለያዩ ታሪኮችን አነበቡላቸው። ሁለቱም ቡድኖች አዲሶቹን ቃላት የሰሙት እኩል ጊዜ ነው። ቃላቱን ይበልጥ ይዘው የተገኙት ያንኑ ታሪክ ደጋግመው የሰሙት ልጆች ነበሩ። ታሪኩ ሲለመድ ልጁ ቀጥሎ ምን ይመጣል ብሎ ከመከታተል ያርፍና ጆሮውን ለቃላቱ ይሰጣል ማለት ነው።

በአዋቂም ላይ ተመሳሳይ ነገር ተስተውሏል። በዚያው በ2011 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ ተመራማሪዎች የ12 አጫጭር ልቦለዶችን መጨረሻ አስቀድመው ለአንባቢ ነግረው ሲያስነብቡ፣ መጨረሻውን ያወቁት አንባቢዎች ካላወቁት ይልቅ ታሪኮቹን ወደዱ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ ከዚህ ጋር አልተስማሙም፣ ስለዚህ ማስረጃው ያለቀለት አይደለም። ይሁንና ደጋግሞ የሚያነብ ሰው «መጨረሻውን እያወቅኸው ምን ይጥምሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ነገር አለው።

የቀለም ትምህርት ቤት የገባው ትውልድ ከዳዊት ቀጥሎ ያገኘው ትልቁ ተደጋጋሚ መጽሐፍ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ነው። ግጥሞቹ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ እየገቡ፣ በቃል እየተያዙ፣ በክፍል ፊት እየተነበነቡ ኖረዋል። ከእነዚህ መካከል «አዝማሪና ውኃ ሙላት» የሚለውን የማያስታውስ የዚያ ዘመን ተማሪ ማግኘት ያስቸግራል። አንድ አዝማሪ የሞላ ወንዝ ዳር ቆሞ እንዲያሻግረው ለውኃው ይዘፍናል፤ በመንገድ ያለፈ ሰው ደግሞ የድካሙን ከንቱነት ይነግረዋል፤ ውኃው ሳይሰማው ያልፋል፣ ሌላው ይተካል።

አራተኛ ክፍል ላይ ይህ የሚያስቅ ታሪክ ነው። ለወንዝ የሚዘፍን ሰው! ልጆቹ አዝማሪውን አስመስለው በእጃቸው ማሲንቆ እየገዘገዙ ይጫወቱታል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግጥሙን ያገኘው ሰው ግን በመሐሉ ስንት ቢሮ ተመላልሷል። ጉዳዩን ለአንድ ኃላፊ አስረድቶ፣ ማስረጃ አሟልቶ፣ «በሚቀጥለው ሳምንት ና» ተብሎ ሲመለስ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አግኝቷል፤ ከ«ስሜ እገሌ ይባላል» ጀምሮ እንደ አዲስ ዘርዝሯል። ለዚህ ሰው አዝማሪው ሞኝ አይደለም፣ አቤት ባይ ነው። ከበደ ሚካኤል ግጥሙን ለልጆች የጻፉ ይመስላል፤ ግማሹን ግን ልጆቹ አድገው እንዲያነቡት ያስቀመጡላቸው ነው።

ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስንመለስ፣ ይህን መጽሐፍ ከአብዛኞቹ የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ እጅግ ብዙ ሰው መጀመሪያ ያገኘው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ሲተርከው ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤት ይሰበስብ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች የሰብለን አባት የባላባቱን የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት፣ የእናቷን የወይዘሮ ጥሩ አይነትን ዝምታ ያወቁት በዚያ ድምፅ ነው። ትረካውን ሰምቶ ኋላ መጽሐፉን የገለጠ ሰው የመጀመሪያ ንባቡ ራሱ ድጋሚ ነበር ማለት ይቻላል፤ እስከ ዛሬም ጉዱ ካሳ ሲናገር የሚሰማው በወጋየሁ ድምፅ ነው።

ጉዱ ካሳን ካነሳን አይቀር፣ ከገጸ ባሕርያቱ ሁሉ በዕድሜ ይበልጥ የሚለወጠው እሱ ነው። ወጣት አንባቢ ረጃጅም ንግግሮቹ ላይ ሲደርስ ይታክተዋል፤ በዛብህና ሰብለ ምን ሆኑ ብሎ ቸኩሏልና ገጹን ይዘላል። ከመንደሩ ሰው ጋር አብሮ «ጉዱ» ይለዋል፣ ይስቅበታል፣ ያልፈዋል። በጎልማሳነት ተመልሶ ሲያነብ ግን የዘለለው ክፍል የመጽሐፉ አከርካሪ መሆኑን ያያል። ጉዱ ካሳ፣ በእውነተኛ ስሙ ካሳ ዳምጤ፣ የሚናገረው ስለ ባላባትና ስለ ጭሰኛ፣ ስለ ልማድና ስለ ፍርድ ነው፤ የሚናገረው ደግሞ በዚያው በባላባቱ ቤት፣ ለዚያው ለባላባቱ ዘመዶች ነው። አበጀ በለው የሚመራው የገበሬዎቹ አመፅም በልጅነት እንደ ጀብዱ ታሪክ ተነብቦ ያለፈ ነው። መጽሐፉ በታተመ በዘጠነኛው ዓመት፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ መውጣቱን የሚያውቅ አንባቢ እነዚያን ገጾች እንደ ድሮው ሊያነባቸው አይችልም።

እዚህ ላይ ይህ ዳሰሳ ወገን ይይዛል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንድ ጊዜ፣ ያውም በአሥራዎቹ ዕድሜ አንብቦ «አንብቤዋለሁ» የሚል ሰው ግማሹን መጽሐፍ ነው ያነበበው። የፍቅሩን ግማሽ ወስዶ የፍርዱን ግማሽ ትቶታል።

ይህን ጉዳይ በሥርዓት ከመረመሩት መካከል አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ፓትሪሻ ማየር ስፓክስ ይገኙበታል። ከማስተማር ሥራቸው በጡረታ ከተገለሉ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል፣ ቀድሞ ያነበቧቸውን ልቦለዶች፣ የልጅነት መጻሕፍታቸውን ጨምሮ፣ እንደገና ሲያነቡ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2011 መጽሐፍ ጽፈውበታል። ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ በ1821፣ እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃዝሊት ስለ አሮጌ መጻሕፍት በጻፈው መጣጥፍ አዲስ መጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ ጥቂት የሚወዳቸውን መላልሶ ማንበብን እንደሚመርጥ ሳያፍር ተናግሯል። ክሪስቴል ራስልና ሲድኒ ሌቪ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት አሜሪካና ኒውዚላንድ ውስጥ 23 ሰዎችን አነጋግረው፣ ሰዎች ወደ ድሮ መጽሐፍ፣ ፊልምና ቦታ የሚመለሱት ለናፍቆት ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ብዙዎቹ በመሐል ያለፈውን የራሳቸውን ሕይወት ለማየት ነው የሚመለሱት።

የሁለተኛው ወገን ፍርሃት ግን ቀላል አይደለም። ተመልሶ ሲነበብ የሚጎዳ መጽሐፍ በእርግጥ አለ።

ገጣሚውና የአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የነበረው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልቦለድ ወደ አማርኛ የመለሰበት ታሪክ በንባብ ታሪካችን ውስጥ ከሁሉ የሚልቅ ነው። ወረቀት አልነበረም፤ የተገኘው የሲጋራ ፓኬት ውስጡ ያለው ወረቀት ነው። በ3000 ገደማ እንዲህ ዓይነት ቁራጭ ላይ፣ በደቂቅ ጽሕፈት የተጻፈው ትርጉም እስረኞቹን እያጽናና ቆይቶ፣ ቁርጥራጩ ከእስር ቤት ወጥቶ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ለአንድ ትውልድ አንባቢ ስካርሌት ኦሃራ የአትላንታ ሴት ብቻ አልነበረችም። ጦርነት አገሯን ካወደመው፣ ረሃብ ደጇ ላይ ከቆመ በኋላ የምትነሳ ሰው ነበረች፤ ያንን ደግሞ የ1970ዎቹ አዲስ አበባ አሳምሮ ያውቀዋል።

ዛሬ መጽሐፉን እንደገና የሚያነሳ ኢትዮጵያዊ፣ በተለይ አሜሪካ ኖሮ የጥቁሮችን ታሪክ የተማረ፣ ሌላ ነገር ያያል። በባርነት የተያዙት ሰዎች፣ ማሚን ጨምሮ፣ በጌቶቻቸው ፍቅር ረክተው የሚኖሩ ተደርገው ተሥለዋል። የባሪያ አሳዳሪዎቹ ዓለም እንደጠፋ ገነት ይለቀስለታል። የእንግሊዝ አሳታሚው ፓን ማክሚላን በቅርብ ዓመታት ባወጣው እትም መግቢያ ላይ ይህንኑ የሚያስጠነቅቅ ማሳሰቢያ አስገብቷል። ታዲያ እስር ቤት ውስጥ የተነበበው ውሸት ነበር ማለት ነው? አይደለም። እስረኞቹ ከመጽሐፉ የወሰዱት መጽናትን ነው፣ ያም እውነተኛ ነበር። የዛሬው አንባቢ የሚያየው ግፍም እውነተኛ ነው። ሁለቱን አብሮ መያዝ ይከብዳል፤ ግን ይቻላል፣ ከአንድምታው ትውልድ የመጣ አንባቢ ደግሞ ከማንም በላይ ሊችለው ይገባል።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር የፈቱበት መንገድ አያስቀናም። እ.ኤ.አ. በ2023 የሮአልድ ዳል የልጆች መጻሕፍት አሳታሚ ፐፊን «ያስቀይማሉ» የተባሉ ቃላትን አውጥቶ የታረመ እትም ማውጣቱ ሲታወቅ ቁጣው በረታ፤ አሳታሚው በጥቂት ቀናት ውስጥ ዋናውንም እትም ጎን ለጎን አሳትማለሁ ለማለት ተገደደ። ከዚያ በፊት የቤልጂጉ ሠዓሊ ኤርዤ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1931 ያሳተመውን «ቲንቲን በኮንጎ» በ1946 በቀለም ሲያወጣ፣ ቲንቲን ለኮንጎ ልጆች «አገራችሁ ቤልጂግ» ብሎ የሚያስተምርበትን ትዕይንት በሒሳብ ትምህርት ቀይሮታል። ትዕይንቱ ሲወጣ መጽሐፉ ከተጻፈበት ዘመን የቅኝ ግዛት ማስረጃ አንዱ አብሮ ወጣ፤ ኮንጎዎቹ የተሣሉበት ንቀት ግን እዚያው ቀረ። መጽሐፉን እንዳለ ትቶ ለልጁ እያስረዱ ማንበብ ይሻላል።

የእኛም ተረቶች ከዚህ ነፃ አይደሉም። ሚስትን በዱላ የሚያስተካክል ባል፣ ዓይነ ስውሩን የሚያታልል ብልጥ፣ በእጅ ሙያው የሚናቅ ሰው በልጅነት ሳቅ ውስጥ ያለፉ ናቸው። ወላጅ ሆኖ ለልጁ ሲያነብ አፉ ላይ የሚይዘው ሰው ተረቱን መጣል የለበትም። ቆም ብሎ «አንተ ብትሆን ምን ይሰማህ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ይበልጥ ያተርፋል።

አንዳንድ መጽሐፍ ደግሞ በምን ሁኔታ እንደተነበበ ካልታወቀ ድጋሚው አይገባም። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት አሳተመ፤ መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ደግሞ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያመለጡት ቅጂዎች በድብቅ፣ በውድ ዋጋ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሄዱ። መጽሐፉን ለአንድ ሌሊት የተዋሰ ወጣት በር ዘግቶ እስኪነጋ ያነበዋል፤ ጠዋት መመለስ አለበት። እንዲህ የተነበበ መጽሐፍ ላይ የሚቀረው በታሪኩ የምትፈቀረው ፊያሜታ ጊላይ ናት፣ የአስመራ ሌሊት ነው፣ የስለላው ሽኩቻ ነው፣ የራስ ልብ ምት ነው። ዛሬ ከመደብር ተገዝቶ በቀን ብርሃን ሲነበብ ፍርሃቱ የለም፤ ለእርጋታ ቦታ ይገኛል። ያኔ ጎልቶ የሚወጣው ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም የተላከበት ሥራ ነው፤ ስብሰባው፣ መፈክሩ፣ አንድ ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት ድሉ እንዴት እንደሚዘጋጅ። በሌሊቱ ንባብ ፍቅር ላይ የወደቀው ወጣት፣ በቀኑ ንባብ የመንግሥት ፕሮፓጋንዳ አሠራርን ይማርበታል። ይህ ጸሐፊ ሁለተኛውን ንባብ ያስበልጣል፤ በዓሉ ሕይወቱን የከፈለበትም እሱ ነውና።

ስለ ንባብ ልማድ ዛሬ የሚወራው ባብዛኛው በቁጥር ነው። በዓመት ስንት መጽሐፍ አነበብህ? ጉድሪድስን የመሰሉ መድረኮች አንባቢው በዓመቱ መጀመሪያ ቁጥር እንዲያስቀምጥና እንዲያሳድድ ያደርጉታል። ይህ ለጀማሪ መነሻ ይሆነዋል። ችግሩ ቁጥሩ አንባቢውን ወደ ቀጫጭን መጽሐፍ፣ ወደ ፈጣን ንባብ ይነዳዋል፤ አንዱን ወፍራም መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ያነበበ ሰው በዚህ ሚዛን ሰነፍ ይመስላል። በአሮጌ መጻሕፍት ንግድ የተገነባው የድሮው የአዲስ አበባ አንባቢ ግን ብዙ መጽሐፍ አልነበረውም፤ ያለውን አሟጦ ነው ያነበበው። ሌላ ለማግኘት ጓደኛ መለመን፣ ወይም ለመጽሐፍ አከራዩ የቀን ሒሳብ መክፈል ነበረበት። እጦት ነው ደጋጋሚ ያደረገው። እጦትን ማወደስ አይገባም፤ ያተረፈውን ችሎታ ግን ከእጦቱ ጋር አብሮ መጣል አያስፈልግም።

የዚያ ዘመን መጽሐፍ ዛሬ በእጅ ሲገባ ራሱ ሰነድ ነው። ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብጧል፣ ጥራዙ ተፈትቶ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሦስት ባለቤቶች ስም በሦስት ዓይነት ቀለም ተጽፏል፤ የሁለቱ ተሰርዟል። ከሥሩ አንድ ልጅ «ይህን መጽሐፍ ወስዶ ያልመለሰ» ብሎ ጀምሮ እርግማን አስከትሏል። የብራና መጻሕፍት ጸሐፊዎች የሰረቀውንና የፋቀውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይገዝቱ እንደነበር ያ ልጅ አንብቦ ላይሆን ይችላል፤ ግዝቱ ግን በሆነ መንገድ ደርሶታል። 87ኛው ገጽ ላይ የሽሮ ጠብታ አለ። ከመሐል ሁለት ቅጠል ጎድሏል፤ አንባቢው ዕድሜውን ሙሉ ያንን ክፍል ሳያውቅ ኖሯል።

የጎደሉትን ቅጠሎች ለማግኘት ዛሬ የት ይኬዳል? በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ አለ፤ አሳታሚዎች ከሚያወጡት ላይ ቅጂ እንዲያስገቡ ሕግ ስለሚያስገድድ ከገበያ የጠፋ መጽሐፍ እዚያ የመገኘት ዕድል አለው፤ የሚነበበው ግን እዚያው ተቀምጦ ነው። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለከተማዋ ወጣቶች ሰፊ ወንበር ሰጥቷል። አብዛኛው ሰው ግን የሚሄደው ወደ ስልኩ ነው። በቴሌግራም ቻናሎች የድሮ የአማርኛ መጻሕፍት በፒዲኤፍ ይዘዋወራሉ፤ ገጻቸው ተንጋዶ፣ የፎቶ አንሺው አውራ ጣት ጭምር ገብቶ ይነበባሉ። ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ሌሊት ስልኳ ላይ የምታነበው «ሀዲስ» ወይም «ከአድማስ ባሻገር» ከዚያ የመጣ ነው፤ ሌላ መንገድ የላትም። ሕጉ ግን ግልጽ ነው። የ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ሥራውን ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። ከበደ ሚካኤል ያረፉት በ1991 ዓ.ም. ነው፤ የእሳቸው መጻሕፍት ገና ባለቤት አላቸው። አንባቢውን ወንጀለኛ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። ወራሾችና አሳታሚዎች በስልክ የሚገዛ ሕጋዊ እትም ቢያወጡ ግን ልጅቷም ትከፍላለች፣ ሁለት ቅጠልም አይጎድልባትም።

የሁሉ ሥር ያለው ጥያቄ ዛሬ ልጅ የሆነው ነገ ወደ የትኛው መጽሐፍ ይመለሳል የሚለው ነው። የቀደመው ትውልድ በልጅነቱ ያነበበው ለአዋቂ የተጻፈውን ነበር፤ ለልጅ ተብሎ በሥዕል የተዘጋጀ የአማርኛ መጽሐፍ እምብዛም አልነበረምና። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ለአራት አሥርት ዓመታት ተረት ሲነግሩ ያንን ክፍተት በአንደበታቸው ሞልተውት ኖረዋል። ነገሌ ቦረና የተወለዱት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነው። ተሰደው አሜሪካ ገብተው ሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሲሆኑ መደርደሪያው ላይ የብዙ አገር ቋንቋ አለ፣ የአማርኛ ግን የለም። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ ራሳቸው አዘጋጁ፤ ወደ አገር ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፣ ሐዋሳ ላይ ደግሞ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አሠሩ። ያኔ እዚያ ቁጭ ብለው ያነበቡት ልጆች ዛሬ ወላጅ ለመሆን ደርሰዋል፤ የሚመለሱበት መጽሐፍም አላቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ቴል አቪቭ ላለ ወላጅ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የራሱን የልጅነት መጽሐፍ ለልጁ ሲያነብ በየመስመሩ ይቆማል። ልጁ «አዝማሪና ውኃ ሙላት»ን ሰምቶ «ለምን በድልድዩ አልሄደም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አባት ድልድይ ስለሌለው መንገድ፣ በሐምሌ ስለሚሞላ ወንዝ፣ ሁለት ቀን ዳር ላይ ስለሚያድር መንገደኛ ማውራት ይጀምራል። ፊታውራሪ፣ ጭሰኛ፣ ስለት፣ ማኅደር እያለ ይቀጥላል። አዲስ አበባ ያለው ወላጅም ከነዚህ ግማሹን ለልጁ መፍታት አለበት። ስለዚህ እነዚህ መጻሕፍት እንደገና ሲታተሙ የደራሲው ቃል ሳይነካ፣ ከገጹ ግርጌ አጭር መፍቻ፣ በመጨረሻው ስለ ዘመኑ ሁለት ሦስት ገጽ ማብራሪያ፣ ለልጅ ዓይን የሚመች ፊደልና ሥዕል ቢኖራቸው ወላጁም ልጁም ይጠቀማሉ። አሳታሚዎቻችን ለመማሪያ መጽሐፍ ይህንን ሲሠሩ ኖረዋል፤ ለ«ታሪክና ምሳሌ» መሥራት አያቅታቸውም።